ችግኝ ጣቢያ በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ከጎንደር ተነሥቶ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚገባ እንግዳ ሐሳቡ ሁሉ ዋልያና ጭላዳ ላይ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚህ ነውና። እኔ ግን ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው የጓሮ ጎመንና የሽንኩርት ችግኝ የሚፈላበትን ጣቢያ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመደብ ነው። የላላ አፈር፣ የበሰለ ፍግና አሸዋ ይቀላቀላል፤ ዘሩ በመስመር ይዘራና ሳር ይጎዘጎዝበታል። ሲበቅል ሳሩ ይነሣል፤ ዝቅ ያለ ዳስም ይሠራለታል። በደጋ ይህ ዳስ ፀሐይን ብቻ ሳይሆን የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭም ይመክታል። ጥቅል ጎመን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ቀይ ሽንኩርት እስከ ስምንት ሳምንት መደብ ላይ ይቆያል። መዛወሪያው ሲቃረብ ዳሱ ይሳሳል፣ ውኃው ይቀነሳል፤ በጥላ የኖረ ችግኝ በድንገት ለፀሐይ ቢጋለጥ ይጠወልጋልና። ይህን ሁሉ ጥበቃ ለጥቂት እግር ጎመን ብላ አንዲት እናት በቤቷ ልትወጣው ይከብዳታል።

ቦታውም የራሱን ይጠይቃል። አፕል ብርድ ስለሚሻ ለደባርቅ ደጋ ይታሰባል፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደው ዛሪማ ሲደርሱ ግን ነገሩ የፓፓያና የሎሚ ነው።

ችግኝ ቀን አይጠብቅም። መጋቢት 30 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ወቅቱ ለክረምት ተከላ የሚዘጋጁበት ነበር። በዚያው ወቅት በእንግሊዝ የችግኝ መሸጫዎች ተዘግተው ለሽያጭ የደረሰ ተክል ተጣለ፤ እንደገና የተከፈቱት ግንቦት 5 ነው። በነሐሴ 2013 ደግሞ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት እዚሁ ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለሃይማኖት ነዋሪዎች በጅምላ ተገደሉ። በሬውን ያጣ ገበሬ ማሳውን ማረስ ይቸገራል፤ ጓሮ ግን በዶማ ይጀመራል። ስለዚህ ከመከራ በኋላ ቀድመው ከሚከፈቱት መካከል ከወፍጮ ቤት ጎን ችግኝ ጣቢያ ሊቆጠር ይገባዋል እላለሁ።

በወረርሽኝ ጊዜ በጥንቃቄ መክፈትም አይከብድም፤ ሥራው ከቤት ውጭ ነው። ለየቀበሌው የመውሰጃ ቀን መለየት፣ መግቢያና መውጫን መለያየት፣ በር ላይ ውኃና ሳሙና ማስቀመጥ ሰውን ይጠብቃል።

ለተክሉም ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ድንችን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ በዘር ድንች፣ በአፈርና በመሣሪያ ይዛመታል፤ አንዴ ጓሮ ከገባ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ባለው ጓሮ ቲማቲምና ቃሪያም ይጠቃሉ። ከጣቢያው ሠራተኛ ዶማንና እጅን ማጠብ፣ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ ይጠበቃል፤ ከገዢው ደግሞ ዘር ድንቹ ከየት ማሳ እንደመጣ መጠየቅ።