የበቆጂ ጭኮ በቴሌግራም፦ ያልቀመሰ ገዢ በምን ይመን?

በአርሲዋ ከተማ በበቆጂ ገበያ ቅቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ያሸታል። በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ መዳፉ ላይ ያሻሸዋል፤ ሽታው ካላማረው ወደ ቀጣይዋ ሻጭ ያልፋል። ገብስ የሚገዛውም ከጆንያው ይዘግናል፣ ፍሬውን መዳፉ ላይ በትኖ ያያል፣ አንዷን በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቷን ይለካል። ምርመራው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ገብሱና ቅቤው ሲገናኙ ጭኮ ይሆናሉ። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፤ ከዚያ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። የአርሲ እናት ለክብር እንግዳ ታቀርበዋለች፤ ቶሎ ስለማይበላሽም ለመንገደኛ ስንቅ ትቋጥረዋለች። ዛሬ ይኸው ምግብ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ይሸጣል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ፎቶ አይቶ ያዛል፤ ወደ ውጭ ለሚጓዝ ዘመዱም ያስይዘዋል። ይህ ገዢ ግን አላሸተተም፣ አልቀመሰም። ሻጯንም አያውቃትም።

የግብይት ትምህርት ለረጅም ጊዜ በአራት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ኖሯል። አሜሪካዊው መምህር ጀሮም ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት መጽሐፍ ነጋዴው የሚወስናቸውን ጉዳዮች ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ ብለው ከፋፈሏቸው። በእንግሊዝኛ ሁሉም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ «አራቱ ፒ» ተብለው ቀሩ፤ በአንድነት ደግሞ የግብይት ቅይጥ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የግብይት ምሁሩ ሮበርት ላውተርቦርን ጥያቄውን ከሻጩ ወደ ገዢው አዞሩት። ምን ላምርት ከማለት ገዢው ምን ይፈልጋል፣ ስንት ልሽጠው ከማለት ገዢውን በጠቅላላው ስንት ያስወጣዋል፣ የት ላስቀምጠው ከማለት ለእሱ የሚመቸው የት ነው፣ እንዴት ላስተዋውቅ ከማለት እንዴት እንነጋገር አሉ። ሐሳቡ የተጻፈው በስልክ መገበያየት ከመምጣቱ በፊት ቢሆንም የዛሬዋን ሻጭ በደንብ ይገልጻታል።

ዋጋን እንይ። በገበያ ቀን ዋጋ የሚወለደው በክርክር ነው፤ ገዢ ያስቀንሳል፣ ሻጭ ትምላለች፣ በመጨረሻ ትንሽ ምርቃት ተጨምሮ ይስማማሉ። ሁለቱም ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ማንም አይከፋውም። በስልክ ግን ብዙ ሻጮች ፎቶውን ለጥፈው ከሥሩ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላሉ። የገበያውን ክርክር ወደ ስልክ ያመጡት ይመስላቸዋል፤ ገዢው የሚረዳው ግን ሌላ ነው። ሰው እየታየ ዋጋ የሚቆረጥ ይመስለዋል፣ ጣቱን አንሸራትቶም ዋጋ ወደጻፈው ቻናል ይሄዳል። ደግሞም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። በዚያ ላይ ዕቃውን ለሚያደርሰው ሞተረኛ የሚከፈል ዋጋ አለ። ገዢው የሚያስበው የጭኮውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን እጁ እስኪገባ የሚያወጣውን ሁሉ ነው። ሁለቱን ዋጋ አንድ ላይ የጻፈች ሻጭ ገዢዋን ከብዙ ጥርጣሬ ታሳርፈዋለች።

ቦታም ተለውጧል። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአሰላ በስተደቡብ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ራቅ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ዕቃው ዛሬም እንደ ድሮው በመኪና፣ አንዳንዴም በሾፌር እጅ አደራ ተብሎ ይወርዳል። የተለወጠው ክፍያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አገልግሎት ከጀመሩ ወዲህ ገንዘቡ ከዕቃው ቀድሞ ይደርሳል። አደጋው ወደ ገዢው የዞረው ያኔ ነው፤ ከፍሎ የሚጠብቀው እሱ ነውና።

በማስተዋወቅ በኩል በቆጂ ማንም በገንዘብ የማይገዛው ሀብት አላት። የበቆጂ ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ተከትለው እያንዳንዳቸው ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ወስደዋል። የከተማዋን ስም አትሌቲክስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። «የበቆጂ ጭኮ» የሚል ጽሑፍ እንግዲህ የሯጮች አገር ገብስ መሆኑን በሁለት ቃል ይናገራል። ግን ስሙን ማንም ሰው የትም ባሸገው ዕቃ ላይ መለጠፍ ይችላል፤ ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠ ሲባል በየጊዜው በሚሰማበት አገር ደግሞ ስም ብቻውን ገዢን አያሳምንም።

ስለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1981 የግብይት ምሁራኑ በርናርድ ቡምስና ሜሪ ቢትነር በአራቱ ፒ ላይ የጨመሯቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ሰዎች፣ አሠራርና ተጨባጭ ማስረጃ፣ ዛሬ ክብደታቸው የጎላው። እነሱ ያሰቡት ስለ አገልግሎት ነበር፤ ባንክ የገባ ሰው አገልግሎቱን መዳሰስ ስለማይችል ሕንፃውንና የሠራተኛውን ሁኔታ አይቶ ይፈርዳል። በስልክ ላይ ጭኮም እንደዚያው የማይዳሰስ ሆኗል። የተዘጋጀበት ቀን፣ የዕቃው ክብደት፣ የቀድሞ ገዢዎች አስተያየት፣ ለቅሬታ የሚሰጠው መልስ፣ እነዚህ ሁሉ የገዢውን አፍንጫ ተክተው ይሠራሉ።

ምርቱም ቢሆን ከገዢው ጋር በሚደረግ ንግግር ይቀየራል። አንዱ ቅመሙ በዛብኝ ይላል፣ ሌላው ለቅምሻ የሚሆን ትንሽ ዕቃ ይጠይቃል፣ በጾም ወራት ቅቤ የሌለበት በሶ የሚፈልግ ይበዛል። ገብሱን ለቢራ ብቅል የሚሸጥ የአርሲ ገበሬ ይህን ዕድል አያገኝም። የሚቀበለው ፋብሪካ የፍሬውን መጠንና ጥራት ይለካለታል እንጂ ቢራውን የጠጣው ሰው ምን እንዳለ አይነግረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳስባል። ብዙ ጊዜ ቻናሉን የምትይዘው አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ወይም ነጋዴ ናት፤ ገብሱን የምትቆላው እናት ግን በቆጂ፣ ምናልባትም ያለ ኢንተርኔት ናት። ገዢው ማየት የሚፈልገው እሷን ነው። ምጣዱ ሲግል፣ ገብሱ ቀስ በቀስ ሲቀላ፣ ጢሱ ሲነሳ፣ እጇ ሳያርፍ ሲያማስል። ፈቃዷን ጠይቆ ያንን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ ከዋጋው ጎን ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም። ከሽያጩ ስንት እንደሚደርሳት መነጋገርም ከዚያው ቀን መጀመር አለበት።