የአሶሳ ነዋሪ የካርቦን አሻራ ከየት ይጀምራል?



ስለ ካርቦን አሻራ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። የአውሮፕላን ጉዞ ቀንሱ፣ የቤት ማሞቂያችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሁለተኛ መኪና አትግዙ ይላሉ። አሶሳ ውስጥ የቤት ማሞቂያ የለም፤ አብዛኞቻችንም ገና የመጀመሪያውን መኪና አልገዛንም። ስለዚህ «ታዲያ ይህ ጉዳይ እኛን ምን ያገባናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

ከነዳጅና ከሲሚንቶ ምርት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሕዝብ ቁጥር ሲካፈል የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው። የዓለም አማካይ ከ4.5 ቶን በላይ ነው። በዚህ ስሌት የከባቢ አየር ዕዳ የእኛ አይደለም፤ ይህንን በየትኛውም መድረክ ከመናገር ወደኋላ አልልም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ማገዶንና ከሰልን አያካትትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያሳየው፣ በ2010 ከተለቀቀው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ የሙቀት አማቂ ጋዝ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን የመጣ ነው። ከደን ዘርፉ ልቀት ደግሞ ግማሽ የሚጠጋው የማገዶ ውጤት ነው። ከብትና እርሻ የሌለው የከተማ ሰው ድርሻውን መፈለግ ያለበት እንግዲህ ከማድ ቤቱ ነው።

ከሰልን በምሳሌነት እንውሰድ። በአፈር በተሸፈነ ባህላዊ ክምር 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። ከቀረው ብዙው ጭስና ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አየር ባጠረው በዚያ ክምር ውስጥ ሚቴን ጭምር ይፈጠራል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ሙቀት የማመቅ አቅም አለው። ከሰሉ ምድጃችን ላይ ሲነድ ደግሞ አንዱ ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። 1 ሊትር ቤንዚን የሚለቀው 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። በባጃጅ ጭስ የምንማረረውን ያህል ስለ ከሰል ምድጃችን አስበን አናውቅም።

እዚህ ላይ የደን ባለሙያ ባልደረቦቼ ያቋርጡኛል፤ ትክክልም ናቸው። የተቆረጠ ዛፍ መልሶ ካደገ ያንኑ ካርቦን ከአየር ይወስዳል። በአካባቢያችን የሚገኙት አባሎና ወይባ ከጉቶ የማቆጥቆጥ ችሎታ አላቸው። ነገር ግን ለጋው ቅርንጫፍ ሳይጠና የበጋው እሳት ከደረሰበት፣ ወይም መሬቱ ወደ እርሻ ከተለወጠ፣ የወጣው ካርቦን አይመለስም። ከሰል በመሠረቱ ክፉ ነገር አይደለም፤ የሚወስነው ከተቆረጠው በኋላ መሬቱ የሚሆነው ነው። ሸማቹ ግን ይህንን አያይም፤ ማዳበሪያው ታስሮ በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚያውቀው።

በሌላ በኩል፣ በዚሁ ክልል በጉባ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ስለሚመነጭ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ከካርቦን አንፃር እጅግ ቀላል ነው። የግድቡ ባለቤት በሆነ ክልል ውስጥ በእንጨት መጋገራችን እንግዳን ያስገርም ይሆናል፤ እኛን አያስገርመንም። ኃይሉ ከከፍተኛው መስመር ወደ ሠፈር ትራንስፎርመር፣ ከዚያም ወደ ቆጣሪ መውረድ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ቆጣሪ ያለን ሰዎች ልናደርገው የምንችለው ነገር ግን አለ። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ሸክላው እስኪግል ድረስ የሚፈጀው ኃይል አንድ እንጀራም ተጋገረበት ሠላሳ ያው ነው። ጎረቤታሞች ተቀባብለው በአንድ ግለት ቢጋግሩ ይህ ብክነት ይከፋፈላል። መስመሩ ከሚጨናነቅበት ምሽት ይልቅ ረፋድ ላይ መጋገርም ለትራንስፎርመሩ ዕረፍት ነው። ቆጣሪ ለሌለው ቤት ምርጥ ምድጃ አለ፤ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ክፍት እሳት ጋር ሲነፃፀር የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ የጋጋሪዋንም ዓይንና ሳንባ ከጭስ ይታደጋል። እኔ ይህን ሁለተኛውን ጥቅም ከመጀመሪያው አስበልጬ አየዋለሁ።

ቡናን በተመለከተ እኔም ከሰል ተጠቃሚ ነኝ፤ አቦል፣ ቶናና በረካ በኤሌክትሪክ ይፈላ ብዬ አልሰብክም። ሆኖም በቆርቆሮ ምድጃ ምትክ ውስጡ ሸክላ የለበሰውን ላቀች መጠቀም ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። በረካው ካለቀ በኋላ ፍሙን በአመድ ማዳፈን እሳቱን ለማቆየት እንጂ ከሰሉን ለማትረፍ አይረዳም፤ ውስጥ ለውስጥ ይነዳል። ከቤት ውጭ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አፍኖ ማጥፋት ለነገ ያተርፈዋል። ሽምብራና ባቄላን ከማታ መዘፍዘፍ፣ ድስትን መክደን፣ እነዚህን እናቶቻችን ያውቋቸዋል።

የክልላችን ልዩ ሀብት ሽመል ነው፤ የቆላው ቀርከሃ። አጥር፣ ጣሪያና ቅርጫት የምንሠራበት ይህ ተክል በሦስት ዓመት ገደማ ይጠናል፤ የጠናው ተመርጦ ሲቆረጥም ከሥሩ አዲስ ይበቅላል። ከሽመል የሚከሰል ከሰል የዛፍ ዕድሜ አይበላም። ጥንቃቄው የዘንድሮውን ቡቃያ አለመንካት ነው። ሽመል ከብዙ ዓመታት በኋላ በጅምላ አብቦ፣ ዘር ጥሎ ይሞታል፤ ዘሩ የሚበቅለውም እሳትና ከብት ከራቁለት ነው።

ስለ ትራንስፖርት አጭር ነኝ። አሶሳ በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት፤ በጅቡቲ ተራግፎ እዚህ የሚደርሰው ቤንዚን ግን ለመምጣቱ ብቻ ብዙ ናፍጣ አስነድዷል። በማንጎ ወራት የሚጣለውም ልጣጭና የበሰበሰ ፍሬ በላስቲክ ታፍኖ ከተከመረ ሚቴን ያመነጫል፤ አየር እያገኘ ከጓሮ አፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ቢብላላ ግን ለሚቀጥለው ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል።

አንድ ያልፈታሁት ጉዳይ ይቀረኛል። ከሰል የሚያከስለው ገበሬና በመንገድ ዳር በጣሳ እየሰፈረች የምትሸጠው እናት በዚህ ገቢ ይኖራሉ። ሁላችንም ነገ መግዛት ብናቆም ደኑ ሊተርፍ ይችላል፤ እነርሱ ግን በበጋው ወራት ምን ይበላሉ? ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው መግዛት እንድታቆሙ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ «ይህ ከሰል ከምን እንጨት ነው? ከየት መጣ? የሽመል አለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም የሽመሉን ግዙ። ሻጯ የሚጠየቀውን ታመጣለች።