የጓሮ አፈርና የልብ እርጋታ



በመተማ በኩል ወደ መድኃኒት ቤት ከሚመጡት መካከል የእንቅልፍ ክኒን የሚጠይቁ ጥቂት አይደሉም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ቤቱን ጥሎ የተሻገረም፣ ንግዱ የተቋረጠበትም «እኅቴ፣ ዛሬም ዓይኔ አልተከደነም» ይላል። ዲያዜፓም ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ ለሳምንታት ከተዋጠም ሰውነት ይለምደውና ያለ እርሱ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ስለዚህ ዛሬ ገንዘብ ስለማይጠይቀው ነገር፣ ስለ ጓሯችሁ አፈር እናወጋለን።

አላህ (ሱ.ወ) ሰውን ከአፈር እንደፈጠረ፣ ውሃ ስናጣም በንጹሕ አፈር ተየሙም እንደፈቀደልን ታውቃላችሁ። ሙስሊም ከተከለው ሰውም ወፍም ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። የዘመኑ ጥናት ደግሞ ለተካዩ ልብም እንደሚበጅ ይጠቁማል።

በአፈር ውስጥ ማይኮባክቴሪየም ቫኬ የተባለ ባክቴሪያ አለ። (ስሙ ከላም የመጣ ነው፤ ከብት ለሚያረባው ያገራችን ሰው እንግዳ አይሆንበትም!) እ.ኤ.አ በ2004 ዶክተር ሜሪ ኦብራየንና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ የሞተው ባክቴሪያ ለሳንባ ካንሰር ሕሙማን ከኬሞቴራፒ ጋር በመርፌ ተሰጠ። ዕድሜያቸውን አላረዘመም፤ የዕለት ኑሯቸውና ስሜታቸው ግን ተሻለ። በ2007 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ክሪስ ላውሪና ባልደረቦቹ ባክቴሪያውን ለአይጦች ሲሰጡ ሴሮቶኒን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ተነቃቁ። ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚሁ በሴሮቶኒን ላይ ነው።

እርግጥ መርፌና መኮትኮቻ አንድ አይደሉም። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ2011 በኔዘርላንድስ የተደረገው ነው፤ ከሚያስጨንቅ ሥራ በኋላ 30 ደቂቃ ጓሮ የሠሩት ሰዎች መጽሐፍ ካነበቡት ይልቅ የጭንቀት ሆርሞናቸው ወረደ። ቀኑን ሙሉ በሐሩር ሰሊጥ የሚያርመው ሳሉግ ግን ይህ አይመለከተውም። እርሱ የሚያስፈልገው ጥላ፣ ውሃና አጎበር ነው።

አሁን ወደ እኛው ቆላ እንምጣ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬትና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ሥሩ። ሲመሽ ግቡ፤ ግራር ሥር አትተኙ። ጫማ አድርጉ፤ የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ይገባል፣ በእሾህ ወይም በዛገ ብረት መወጋት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። ድንጋይ ስታነሡ ጊንጥ አትርሱ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ትኩሳት ከሁለት ሳምንት አልፎ ሰውነት ከከሳና ጣፊያ ካበጠ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ መተማ ሆስፒታል ሂዱ። ሐዘኑ ሁለት ሳምንት አልፎ ምግብና ሥራ ካስጠላ፣ ወይም ሞትን ካስመኘም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ጓሮ መድኃኒትን አይተካም።

ለጀማሪ ባሚያና ቃሪያ ይበቃሉ። በኪራይ ቤት ያላችሁ የተቆረጠ ጀሪካን ላይ ሪሐን ዝሩ። ውሃ ከቸገረም የውዱእ ውሃችሁን በሳፋ ተቀብላችሁ አጠጡት።