የውል ምስጢር ጠባቂው ማነው?

አንድ የማር አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። በመጋዘኑ 40 ኩንታል ማር ይዟል። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍልበት ቀንም ደርሶበታል። ስለዚህ ግማሹን ማር ለአንድ ነጋዴ ለመሸጥ ይዋዋላል። ክፍያው እንዳይዘገይበት የዕዳውን ቀን ለነጋዴው ይነግረዋል። የነጋዴው ሰዎችም ማሩን ለመመዘን መጋዘን ገብተው ሁሉንም ያያሉ።

ይህ ወሬ ገበያ ቢደርስ ምን ይሆናል? ሌሎች ነጋዴዎች «ማኅበሩ ተቸግሯል፤ ብዙ ማርም አለው» ብለው የቀረውን 20 ኩንታል ዋጋ ይሰብሩበታል። የዓመት ልፋት በአንድ ቀን ወሬ ይረክሳል።

«ውሉ ላይ ‹ገዢው ምስጢር ይጠብቃል› ተብሎ ተጽፏል» ትሉ ይሆናል። መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ገዢው ማነው? ነጋዴው ብቻ ነው? ጸሐፊውስ? መዛኙስ? ሾፌሩስ? ደላላውስ? ነጋዴው አፉን ቢዘጋ፣ ደላላው ጠጅ ቤት ገብቶ ቢያወራው ያው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 ውል ለተዋዋሉት ሰዎች እንደ ሕግ መሆኑን ይናገራል። በቁጥር 1952 ደግሞ ውል የሚሠራው በተዋዋዮቹ መካከል መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ ያልፈረመው ደላላ «በውላችሁ የለሁበትም» ሊል ይችላል። ነጋዴውም «እኔ አልተናገርኩም» ይላል። ታዲያ ማኅበሩ ማንን ይጠይቅ?

ስለዚህ በውሉ ላይ አራት ነገሮች በግልጽ ይጻፉ፦

1ኛ/ ምስጢሩ ምንድነው? የማሩ ብዛት፣ ዋጋውና የዕዳው ቀን ይጠቀሱ። ገበያው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ምስጢር አይደለም።

2ኛ/ እነማን ይወቁት? ለሥራው የሚያስፈልጉት ብቻ። እነሱም በስማቸው ወይም በሥራቸው ይጻፉ።

3ኛ/ ማን ይጠየቃል? ነጋዴው «ከሰዎቼ አንዱ ምስጢር ቢያወጣ ኪሣራውን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ይግባ። ደላላው የራሱ አዳሪ ስለሆነ እሱም ለብቻው ይፈርም።

4ኛ/ እስከ መቼ? ማሩ እስኪሸጥ ነው ወይስ ከዚያም በኋላ? ጊዜው ይወሰን።

ፍርድ ቤት ጠይቆ መመለስ ግን ምስጢር ማውጣት እንዳልሆነ አብሮ ይጻፍ።

ግዴታው የነጋዴው ብቻ አይደለም። እሱም ማሩን ለማን እንደሚሸጥ ለማኅበሩ ነግሮ ይሆናል። ይህን ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና መጋዘን ጠባቂው ሊጠብቁለት ይገባል። ሊቀመንበሩ ከቦታው ቢወርድም ምስጢሩ ምስጢር ነው።

ትናንት ሌላ ሰው ያነበበልንን ሰምተን ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትም ነበር። ዛሬ ፊደሉን ለይተናል። ከመፈረማችን በፊት ያንኑ ጣት «ገዢው» በሚለው ቃል ላይ አሳርፈን «ይህ ማነው?» ብለን እንጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ደላላው ካልፈረመ ማኅበሩ ለምን ይቸገራል?
2. በማኅበራችሁ ውስጥ የውል ምስጢር የሚያውቁት እነማን ናቸው?