የጽኑ ሕሙማን ቤተሰብ እርካታ እንዴት ይለካል?

እንደሚታወቀው አንድ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቢያንስ ሊጠየቅ ይገባዋል። በሀገራችን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ካወጣ ወዲህ የሕሙማን እርካታ ከአፈጻጸም መለኪያዎች አንዱ ሆኗል። ተኝተው ለሚታከሙና ለተመላላሽ ታካሚዎች የሚሆኑ አጫጭር መጠይቆችም ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክረዋል። ታዲያ ውድ አንባብያን፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ የገባበት፣ ማደንዘዣ ተሰጥቶት በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ብዙዎቻችን አይሲዩ የምንለው፣ ከሌላው ዋርድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሲሆን ያየው አስታማሚው ነው፤ «እሺ» ወይም «እምቢ» ያለውም እሱ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀውም እሱ መሆን አለበት ማለት ነው።

ክፍሉ ራሱ ዕድሜው ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ ብዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ሽባነቱ እስትንፋሳቸውን ለያዘባቸው ሕሙማን ጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ አስከፍቶ በቱቦ አየር እንዲሰጣቸው አደረገ። በቂ መሣሪያ ስላልነበረ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ አየሩን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። የዛሬው አይሲዩ የተወለደው ከዚያ ነው። (እኛ ሀገር ቬንቲሌተር የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ የለመደው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ይመስለኛል።) በሩ ላይ የቆመውን ቤተሰብ በሥርዓት መጠየቅ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ናንሲ ሞልተር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ 40 ቤተዘመዶችን 45 ፍላጎቶች አቅርባ የትኛው እንደሚበልጥባቸው ጠየቀች። ከሁሉ በላይ የወጣው ተስፋ እንዳለ መሰማቱ ነበር። የራሳቸው ምቾት ወደ ታች ነው የወረደው።

ዛሬ በብዙ ሀገር የሚሠራበት መጠይቅ የመጣው ከካናዳ ነው። ዳረን ሄይላንድ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ኪንግስተን ከተማ ባለው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አጥሮ 24 ጥያቄ ሆነ። 14ቱ ስለ እንክብካቤው ይጠይቃሉ፦ ሕመሙንና የትንፋሽ ማጠሩን እንዴት አስታገሱለት፣ ነርሶቹ ምን ያህል የሠለጠኑ ናቸው፣ ለእናንተስ ተጨነቁላችሁ ወይ፣ የመጠበቂያው ቦታ እንዴት ነበር ይላሉ። 10ሩ ስለ መረጃና ውሳኔ ናቸው፦ የተነገራችሁ እውነት ነበር ወይ፣ የአንዱ ወሬ ከሌላው ይገጥም ነበር ወይ፣ ስትወስኑ ጊዜ ተሰጥቷችኋል ወይ። መልሶቹ አምስት ደረጃ አላቸው፤ ከፍተኛው 100፣ ከዚያ 75፣ 50፣ 25፣ ዝቅተኛው 0። በመጨረሻ አማካዩ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ ሚዛን «ጥሩ» የሚለው መልስ መካከለኛው ነው፤ 50 ነው የሚያሰጠው። እኛ ዘንድ ግን «ጥሩ ነው» ማለት ነገሩን መዝጊያ ነው። ሰው ሞቶበት እንኳ «እንዴት ናችሁ?» ሲባል «ጥሩ ነው፣ ተመስገን» የሚል ሕዝብ ነን። ስለዚህ መጠይቁን ቃል በቃል ተርጉሞ ማደል ብቻ አይበቃም፤ ደረጃዎቹ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ለሰሚው ምን እንደሚመዝኑ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር አማካዩ ራሱ ነው። አንድ ቤተሰብ 14ቱን የእንክብካቤ ጥያቄዎች በ75፣ 10ሩን የመረጃ ጥያቄዎች በ25 ቢመልስ ጠቅላላው 54 ይሆናል። ሪፖርት ላይ «54» ብለን ብንጽፍ ደህና እንክብካቤና ክፉ ዝምታ ተደባልቀው አንድ ልሙጥ ቁጥር ሆኑ ማለት ነው። የሚበዛው ጉድለት ደግሞ ከመረጃው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፈረንሳይ ውስጥ በወጣ ጥናት ከቤተሰቦቹ ግማሽ ያህሉ የሕመሙን ዓይነት፣ የሚጠበቀውን ውጤት ወይም ሕክምናውን በትክክል አልተረዱም ነበር። እዚያው ፈረንሳይ በ22 አይሲዩዎች የተሠራና በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት መድኃኒቱን ጠቁሟል። ሕመምተኛው ሊሞት ሲቃረብ ሐኪሞቹ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጠው በሥርዓት እንዲነጋገሩና ስለ ሐዘን የሚያስረዳ ጽሑፍ እንዲሰጡ ተደረገ። ስብሰባው ከ20 ወደ 30 ደቂቃ ነው የረዘመው፤ ቤተሰብ ራሱ የሚናገርበት ጊዜ ግን ከ5 ደቂቃ ወደ 14 ከፍ አለ። ከሦስት ወር በኋላ እነዚህ ቤተሰቦች ጭንቀታቸውና የመንፈስ ስብራታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኔ ግምት ትልቁ ቁጥር 14 ነው።

ይህን ሳነብ ወደ ሐሳቤ የመጣው አጎቴ ነው። እኔ የአሬሮ ልጅ ነኝ። እንደሚታወቀው በእኛ ሀገር ሕክምናው ደረጃ በደረጃ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ትልቁ። ከቦረና ቆላ አይሲዩ ድረስ መድረስ ማለት አንዳንዴ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። አጎቴ በ2015 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሪፈር ሲባል አብረን ሄድን። ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራም። ሽማግሌዎቹ አማርኛ አይሰሙም፤ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፣ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ እንኳ አልሞላም። ጠዋት አንዱ ሐኪም «ትንሽ ለውጥ አለ» ይላል፤ ማታ ተረኛው «ጸልዩ» ብሎን ያልፋል። «ጭንቅላቱ ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚለውን ለአያቴ በኦሮምኛ ምን ብዬ ልንገራቸው? ሐኪሙ ቆሞ ያናገረን ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ነፍሱ ሳለች ይዞ መመለስና ሬሳ ጭኖ መመለስ ዋጋው አንድ አይደለም፤ አገሩ መቀበሩም ሌላ ነገር ነው። በፈቃዳቸው እንደሚያወጡት የሚገልጸው ወረቀት ላይ በጣታቸው ፈረሙ። ያቤሎ ሳንደርስ አረፈ።

አያቴን ዛሬ ብትጠይቋቸው «ደጎች ነበሩ፤ አንዲቷ ልጅ እግሩን በቅባት ታሽለት ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። 14ቱ ጥያቄ ላይ ሙሉ ይሰጣሉ። 10ሩን ግን ማንም ስላልጠየቃቸው መብት መሆኑንም አያውቁትም።

ከካናዳው መጠይቅ ውስጥ የሌሉም አሉ። ማዘዣ ተጽፎ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲባል ስንት ፋርማሲ ዞራችሁ? ደም ለመተካት ማን ሰጠ? መጠበቂያው ክፍል ምቹ ነበር ወይ ከማለት በፊት መጠበቂያ አለ ወይ? ኮሪደር ላይ በካርቶን ላይ የሚያድር ሰው ያንን ጥያቄ ምን ብሎ ይሞላዋል? ገንዘቡስ? ቦረና ላይ ለሕክምና የሚከፈለው ከብት ተሽጦ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር የሚሸጥ ከብት ያጣ ቤት ብዙ ነው። ጎሳው በቡሳ ጎኖፋ ደንብ ካልደገፈ በቀር ሪፈር ወረቀቱ ብቻውን የትም አያደርስም። መጠይቁ ወደኛ ሲመጣ እነዚህ ካልገቡበት የሌላ ሀገር ልብስ ይሆናል ባይ ነኝ።

ቁጥሩን የምናነብ ሰዎች ደግሞ ሌላም ማየት አለብን። አሜሪካ ውስጥ በ2007 የወጣ ጥናት ሕመምተኛቸው የሞተባቸው ቤተሰቦች ከተረፈላቸው ይልቅ እርካታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ለመሞት ለተቃረበ ሰው ቤተሰብ ሠራተኛው ይበልጥ ስለሚጠነቀቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ከፍ አለ ማለት ሕክምናው ተሻለ ማለት ላይሆን ይችላል። የሚጠይቀው ማን እንደሆነም ለውጥ ያመጣል። ሕመምተኛው ገና አልጋው ላይ እያለ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው «ረክታችኋል?» ቢል የሚያማርር የለም።

መጠየቅ ያለበት ከሳምንታት በኋላ ነው፣ በራሱ በቤተሰቡ ቋንቋ፣ ያከመው ባልሆነ ሰው። ይህን በስልክ ማድረግ ይቻላል ይባላል። አጎቴ ካርድ ላይ በቤተሰብነት ስሙ የተጻፈው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እሱ የደረሰው በመጨረሻው ቀን ነበር። አምስቱን ሌሊት ኮሪደር ላይ ያደረችው ሚስቱ ናት። ስልክ የላትም።