ቱርቦ ላለው ሞተር የውድድር ካምሻፍት?

ከአስኮ እስከ አየር ጤና ባሉ ጋራዦች ቴስታታ በወረደ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ከተፈታ አይቀር ቫልቩን ብናሰፋው፣ የውድድር ካምሻፍት ብናስገባበት ጉልበት አይጨምርም?» ሐሳቡ የተወረሰው ቱርቦ ከሌለው ሞተር ነው። እዚያ አየሩን የሚስበው የፒስተኑ መውረድ ብቻ ስለሆነ፣ መግቢያው መስፋቱም ሆነ ቫልቩ ረዘም ላለ ጊዜ መከፈቱ በከፍተኛ ዙር ይጠቅማል። ቱርቦ ሲኖር ግን አየሩ ተገፍቶ ስለሚገባ ማነቆው ወደ ጭስ መውጫው ይዞራል።

የካምሻፍቱ ካታሎግ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ መሆኑ ደግሞ ይረሳል። እዚያ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 0.77 አካባቢ ነው። ቱርቦው 0.7 ሲጨምርበት እዚያ 1.7 የሚሆነው እዚህ 1.47 ላይ ይቀራል። ያንኑ 1.7 ለማግኘት አየሩን 2.2 እጥፍ መጭመቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሆነው ጉልበት የሚገኘው ከጭሱ ስለሆነ ከተርባይኑ በፊት ያለው የጭስ ግፊት ይከማቻል። ይህ ግፊት ከሚገባው አየር ግፊት ከበለጠ፣ ሁለቱ ቫልቮች አብረው በሚከፈቱባት ቅጽበት ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። የውድድር ካም የሚያረዝመው ይህችኑ ቅጽበት ነው። በቤንዚን ሞተር የተመለሰው ትኩስ ጭስ ሞተሩን ያንኳኳል። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር ሊነካካ ጥቂት ስለሚቀረው፣ አብሮ ለሚከፈት ቫልቭ ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

«የውድድር መኪኖችስ?» ለሚሉት፦ የእነሱ ተርባይን ትልቅ፣ ዙራቸውም ከፍተኛ ስለሆነ የጭሱ ግፊት ከአየሩ ሊያንስ ይችላል፤ ያኔ ረጅም ካም ሲሊንደሩን በንጹሕ አየር ያጥባል። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ኮልፌ በሁለተኛ ማርሽ ለሚወጣ መኪና ግን ቱርቦው ገና ሳይነሳ በዚህ ካም የመግቢያ ቫልቩ ዘግይቶ መዘጋቱ የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል። በቀጭን አየራችን ላይ ይህ ሲጨመር መኪናው ዳገቱ ላይ ይለግማል።

ቫልቭን ከ36 ወደ 38 ሚሊሜትር ማስፋት የመግቢያውን ስፋት 11 በመቶ ይጨምራል። ዋጋው የሚከፈለው በሁለቱ የቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ባለው ቀጭን ብረት ነው። ቴስታታቸው በመሰንጠቅ በሚታወቁት የናፍጣ ሞተሮች በቱ ኤል ቱርቦና በዋን ኬዜድ ላይ ይህን ብረት ማሳሳት ጥፋት ነው። ብሩ ወደ ቫልቩ ሞላ ቢሄድ ይሻላል፤ 0.7 ባር ግፊት 36 ሚሊሜትር ቫልቭን ከጀርባው 7 ኪሎ ያህል ስለሚገፋው፣ የደከመ ሞላ ሊይዘው አይችልም። ከዚያ ቀጥሎ የጭስ ቫልቩ መቀመጫ ነው፦ ቫልቩ ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ሲፈጭ ከመጠን በላይ መቅጠን የለበትም።