የምሁር ሥራ በጥቅስ ብዛት ሲለካ

ኸርበርት ሳይመን በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘው በፖለቲካ ሳይንስ ነው። በ1975 ከአለን ኒውል ጋር የወሰደው ግን በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ክብር፣ የቱሪንግ ሽልማትን ነበር። በ1978 ደግሞ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሰጠው። የሥነ ልቦና ምሁራንም ከራሳቸው ታላላቆች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል።

ላይ ላዩን ሲታይ ከመስክ ወደ መስክ ሲዘል የኖረ ይመስላል። ዕድሜ ልኩን የተከተለው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ዕውቀቱም ጊዜውም ውስን የሆነ ሰው እንዴት ይወስናል? በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን በመሥሪያ ቤት አስተዳደር ላይ አነሣ። በ1955 በኢኮኖሚክስ ጆርናል ላይ ሰው አማራጩን ሁሉ መዝኖ ምርጡን እንደማይወስድ፣ የሚበቃውን ሲያገኝ ፍለጋውን እንደሚያቆም ጻፈ። ከኒውልና ከክሊፍ ሾው ጋር ሆኖ የሎጂክ ቲዎረሞችን የሚያረጋግጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ በ1973 ከዊሊያም ቼስ ጋር ያወጣው ጥናት ነው። የቼዝ ሊቃውንት ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለጥቂት ሰከንዶች ካዩ ጠጠሮቹን በአብዛኛው በቦታቸው መልሰው ይደረድራሉ፤ ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲቀመጡ ግን ከጀማሪ ብዙም አይሻሉም። ሊቅነታቸው በጨዋታ ብዛት በለመዷቸው ቅርጾች ላይ የቆመ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በምን ይለካል? ዛሬ ለሹመት፣ ለዕድገትና ለምርምር ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የተመራማሪው ሥራ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ነው። የጥቅሶችን መዝገብ ሐሳብ በ1955 ያቀረበው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ሲሆን፣ የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫውን በ1964 አወጣ። የተነሣበት ዋና ዓላማ ተመራማሪዎች ተዛማጅ ጽሑፎችን በቀላሉ እንዲያገኙ፣ አንድ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ እንዲከታተሉ ነበር። ሰው መመዘኛ የሆነው በኋላ ነው።

በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ኸርሽ ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን ስሌት አመጣ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ሥራዎች ያሉት ተመራማሪ ቁጥሩ 20 ይሆናል። ስሌቱ ለማንም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሕይወቱ አምስት መጻሕፍት ብቻ የጻፈ ምሁር እያንዳንዳቸው 10,000 ጊዜ ቢጠቀሱለት እንኳ ቁጥሩ ከ5 አያልፍም።

ይበልጥ የሚያሳስበው በመስኮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኸርሽ በዚያው ጽሑፉ ለፊዚክስ ሊቁ ለኤድዋርድ ዊተን 110፣ ለሕይወት ሳይንስ ተመራማሪው ለሰለሞን ስናይደር 191 አስልቷል። ይህ ስናይደር ከዊተን ይበልጣል ማለት አይደለም። በሕይወት ሳይንስ ተመራማሪው ብዙ ነው፣ የማጣቀሻ ዝርዝሩም ረጅም ነው፤ በሒሳብ ደግሞ ዝርዝሩ አጭር፣ ሐሳቡ እስኪሰርጽ የሚወስደው ጊዜ ረጅም ነው። የሥራው ዓይነትም ይለያል። በ1951 ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ያበሠረው የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ አጠገቡም አይደርስም። ዘዴን የተጠቀመበት ሁሉ ይጠቅሰዋል፤ ታላቅ ግኝት ግን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ምንጩን የሚጠቅስ እየጠፋ ይሄዳል።

ባለሙያዎች ለመስኮች ልዩነት ማስተካከያ አበጅተዋል። የአንድ ጽሑፍ ጥቅስ በዚያው ዓመት በዚያው መስክ ለወጡት ጽሑፎች አማካይ ይካፈላል። አማካዩ 10 በሆነበት መስክ 30 ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ 3 ያገኛል፤ አማካዩ 2 በሆነበት 6 ጊዜ የተጠቀሰውም እንዲሁ 3። በአንድ መስክ ለሚሠራ ሰው ይህ ፍትሐዊ ነው። የሳይመን የቼዝ ጥናት ግን በየትኛው አማካይ ይካፈል? በሥነ ልቦና ወይስ በኮምፒውተር ሳይንስ? መስኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ጽሑፉ በወጣበት ጆርናል ስለሆነ፣ ሁለት መስኮችን ያገናኘ ሥራ በአንዱ ሚዛን ብቻ ይዳኛል።

ታላላቆቹ መዝገቦች የሚያደሉት ለእንግሊዝኛ ጆርናሎች መሆኑም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በአማርኛ መጽሐፍ ሆኖ የታተመ የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ ጥናት፣ የቱንም ያህል አንባቢና ተከታይ ቢያፈራ፣ በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ እምብዛም አይታይም።

በ2013 ይፋ የሆነው የምርምር ምዘናን የሚመለከተው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም ተመራማሪ በጽሑፉ ይዘት እንጂ ባሳተመበት ጆርናል ደረጃ እንዳይመዘን ጠይቋል። በዕድገት ኮሚቴ የምትቀመጡ ሁሉ፣ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት አመልካቹ ምርጤ ናቸው ያላቸውን ሁለት ሦስት ሥራዎች ራሳችሁ አንብቡ።